ጋቢው አንድ፣ ዋጋው ብዙ፦ በኦንላይን ሱቅ የዕቃ አማራጭና ዋጋ እንዴት ይያዝ?

በደሴ ሰኞ ገበያ አንድ የሸማ ነጋዴ ፊት ቆሞ «ጋቢ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዋጋ ከመስማቱ በፊት ጥያቄ ይመለስለታል። ትልቁ ነው መካከለኛው? ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር? ጥለቱስ ምን ዓይነት ነው? ነጋዴው ይህን ሁሉ በአእምሮው ይዞ፣ የሚሸጠውን ጨርቅ በእጁ እየዳሰሰ ዋጋውን ይናገራል። ኦንላይን ሱቅ ግን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በተሳሳተ መንገድ ከተነገረው በተሳሳተ ዋጋ ይሸጣል፤ የሌለ ዕቃም አለ ይላል።

ስለዚህ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ስለ ገጹ ቀለምና ስለ አርማው ከመጨነቁ በፊት አንድ ጉዳይ መወሰን አለበት፦ የዕቃው አማራጮች በየትኛው መንገድ ይመዝገቡ? መንገዶቹ በዋናነት 4 ናቸው፤ ሁሉም ጥሩ የሚሆኑበት ቦታ አላቸው። እኔ የምለይባቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ ልዩነቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚቆጠር ነው? ከታዘዘ በኋላ የሚሠራ ነው? ወይስ በሜትርና በኪሎ የሚለካ ነው?

እያንዳንዱን እንደ ራሱ ዕቃ መመዝገብ

ቀላሉ መንገድ ትልቁን ጋቢ አንድ ገጽ፣ ትንሹን ሌላ ገጽ አድርጎ መለጠፍ ነው። አብዛኛው ነጋዴ በቴሌግራም ቻናል የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንድ ፎቶ፣ አንድ ዋጋ። 10 ወይም 15 ዕቃ ላለው ሱቅ ይበቃል፤ ማንም ማፈር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ሲበዛ ነው። ገዢው ተመሳሳይ ፎቶ ደጋግሞ እያየ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። ባለሱቁም መግለጫውን ለማረም ሲፈልግ በየገጹ መዞር ይኖርበታል። ልዩነቱ በፎቶ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ነጠላና ጋቢ፣ መለየቱ ተገቢ ነው። በልክ ብቻ ለሚለያይ ዕቃ ግን አልመክረውም።

ለእያንዳንዱ ጥምረት ሙሉ ዋጋ

ሁለተኛው መንገድ ዕቃውን አንድ ገጽ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ የአማራጮች ጥምረት የራሱን ዋጋ፣ የራሱን ክምችትና የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ጋቢው በ3 ልክ፣ በ2 ዓይነት ክርና በ4 ዓይነት ጥለት የሚሸጥ ከሆነ 24 ጥምረት ይወጣል። እያንዳንዱ ጥምረት መደርደሪያው ላይ በእውነት የተቀመጠ፣ ሊቆጠር የሚችል ዕቃ ነው።

ለሸማ፣ ለጫማና ለተዘጋጀ ልብስ የማደላው ለዚህ መንገድ ነው። ምክንያቱም የአገራችን ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው ዕቃውን እያየ እንጂ በልዩነት አስልቶ አይደለም። «ትልቁ የእጅ ፈትል 5,400 ብር» ይላል እንጂ «መነሻው 3,000፣ ለትልቅ 800፣ ለፈትል 1,600» አይልም። ሱቁም ዋጋውን በተባለበት መልክ ቢይዘው ስህተት ይቀንሳል።

የዚህ መንገድ ድካም ብዛቱ ነው። የሐበሻ ቀሚስን እንውሰድ፦ 5 ልክ፣ 2 ዓይነት ጨርቅ (መነንና ሽፎን እንበል)፣ 6 ዓይነት ጥለት፣ ከነጠላ ጋር ወይም ያለ ነጠላ። ሲባዛ 120 ይሆናል። 120 ዋጋ መሙላት፣ ከዚያም ክር በተወደደ ቁጥር 120 ዋጋ ማረም ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ይህን ያህል ሲበዛ አንድ አማራጭ ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው። ነጠላው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ አውጥተው ለብቻው ቢመዘግቡት ጥምረቱ ወዲያውኑ ወደ 60 ይወርዳል። ቀሚሱ የሚሰፋው ከታዘዘ በኋላ ከሆነ ደግሞ ልክና ጥለት ክምችት የላቸውም፤ ዋጋ የሚለይበት ጨርቁ ብቻ ነው። ያኔ ዋጋ የሚሞላው ለ2 ብቻ ይሆናል፤ ልክና ጥለት ዋጋ የማይነኩ ምርጫዎች ሆነው ይቀመጣሉ።

መነሻ ዋጋና ጭማሪ

ሦስተኛው መንገድ ለዕቃው አንድ መነሻ ዋጋ ሰጥቶ፣ በእያንዳንዱ አማራጭ ላይ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ማስቀመጥ ነው። መሙላቱ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳባል። አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የትንሽ ጋቢ መነሻ 3,000 ብር ይሁን፤ ለትልቅ 800 ብር፣ ለእጅ ፈትል 1,200 ብር ይጨመር። ትንሹ የእጅ ፈትል 4,200 ብር ይሆናል፤ ትክክል ነው። ትልቁ የእጅ ፈትል 5,000 ብር ይወጣል። ነገር ግን ትልቅ ጋቢ የሚፈጀው ፈትል ከትንሹ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለፈትል የሚጨመረው ገንዘብ ለሁለቱም ልክ እኩል ሊሆን አይችልም። ነጋዴው በሱቁ ቢጠየቅ 5,400 ብር ነው የሚለው። ሱቁ በእያንዳንዱ ትልቅ ጋቢ 400 ብር አጉድሎ ይሸጣል፤ ሽያጩ በደንብ ስለሚሄድ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ማንም ላያስተውል ይችላል።

ጭማሪ የሚያምረው ልዩነቱ ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሳይነካካ ሲቀር ነው፦ ስም ማስጠለፍ፣ የስጦታ ማሸጊያ፣ ቀሚስ ማሳጠር። እነዚህ ክምችት የላቸውም፤ የሰው ጉልበት ናቸው፤ ለትንሹም ለትልቁም ዋጋቸው አንድ ነው።

ከጭማሪ ጋር ቅናሽ ሲገናኝ ቅደም ተከተሉ መወሰን አለበት። በ3,000 ብር ጋቢ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ አለ፤ ስም ለማስጠለፍ 200 ብር ይጨመራል። ቅናሹ በጋቢው ላይ ብቻ ከሆነ 2,900 ብር ይመጣል። በድምሩ ላይ ከሆነ 2,880 ብር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የጠላፊዋ ድካም ዓመት በዓል ስለሆነ አይቀንስም። የትኛውንም ይምረጡ፣ ግን ሶፍትዌሩ የትኛውን እንደሚሠራ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በወረቀት አስልተው ያመሳክሩ።

በልኬት የሚሸጥ

ኮምቦልቻ ላይ ኢጋ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ቆርቆሮው የሚቆረጠው ደንበኛው ባዘዘው ርዝመት ስለሆነ ርዝመትን ሁሉ እንደ አማራጭ መዘርዘር አይቻልም። ጌጁ (የቆርቆሮው ውፍረት) እና ቀለሙ ጥምረት ሆነው ይመዘገባሉ፤ እነሱ የሜትሩን ዋጋ ይወስናሉ። ርዝመቱ ግን ገዢው የሚጽፈው ቁጥር መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሱቆች የሚሳሳቱት ርዝመትንና ብዛትን በአንድ ሳጥን ሲያስገቡ ነው። «13 ሜትር» የሚል ትእዛዝ ባለ 13 ሜትር አንድ ቆርቆሮ ነው ወይስ ባለ 6.5 ሜትር 2 ፍሬ? ዋጋው እኩል ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ግን እኩል አይደለም። ቅርጫቱ፣ ማለትም ገዢው የመረጣቸው ዕቃዎች ከመክፈሉ በፊት የሚያርፉበት ዝርዝር፣ «ርዝመት 6.5 ሜትር፣ ብዛት 2» ብሎ ለያይቶ መያዝ አለበት። ዉኮሜርስ የተባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር በተፈጥሮው ብዛትን በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል ለዚህ ሥራ ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ያስፈልጋል። ፕለጊን ካልተገኘ ግማሽ ሜትርን አንድ የመሸጫ መለኪያ ማድረግ ለተራ ጨርቅ ይበቃል፤ ለቆርቆሮ ግን አይሆንም።

ማርም የሚለካ ይመስላል፤ ነገር ግን በግማሽ ኪሎ፣ በ1 ኪሎና በ5 ኪሎ ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነ እንደ ጥምረት ቢመዘገብ ይሻላል፤ የ5 ኪሎው ዋጋ የ1 ኪሎው 5 እጥፍ አይደለምና። ጥንቃቄው ክምችቱ ላይ ነው። ሱቁ ሦስቱንም ከአንድ ክምችት እንዲቀንስ ካደረጉት ባለ 5 ኪሎውም ግማሽ ኪሎውም ሲሸጡ እኩል «1» ይቀንሳል። መጀመሪያ ያሽጉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን እሽግ ለብቻው ይቁጠሩ።

የትኛው ሶፍትዌር የትኛውን ይችላል?

ዉኮሜርስ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚሠራ ሲሆን ለጥምረት የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥምረት የሚሞላው ሙሉ ዋጋ እንጂ ጭማሪ አይደለም። ዋጋ ያልተሞላለት ጥምረት ለገዢ አይቀርብም፤ «ዕቃው ለምን አይታይም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው። አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለው፦ በአንድ ጥምረት ውስጥ ጥለቱን «ማንኛውም» ብሎ መተው ይቻላል። የጋቢው ዋጋ በጥለት የማይለይ ከሆነ 24ቱ ጥምረት ወደ 6 ይወርዳል፤ ገዢው ጥለቱን መምረጡ ግን አይቀርም። የሚያጡት በጥለት ክምችት መቁጠርን ነው። ቀዩ ጥለት ማለቁን ሱቁ አያውቅም፤ ይህን በስልክ የሚያስተካክሉ ከሆነ ድካሙን ይቀንስልዎታል።

ሌላው ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ነው። ዉኮሜርስ ጥምረቱ እስከ 30 ሲሆን ዋጋዎቹን ሁሉ ከገጹ ጋር አብሮ ይልካል፤ ገዢው ልክ ሲቀይር ዋጋው እዚያው ይቀየራል። ከ30 ሲያልፍ ግን ምርጫው በተሟላ ቁጥር ሰርቨሩን (ሱቁ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርኩ በደከመበት ቦታ ሆኖ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጣቱን ነክቶ ዋጋው ካልመጣለት ትቶት ይሄዳል። ገደቡን በኮድ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የተሻለው ግን አማራጩን መቀነስ ነው። ጭማሪ ለሚያስፈልጋቸው አገልግሎቶች ዉኮሜርስ ለብቻው አይበቃም፤ ፕለጊን ይጨመርበታል።

ኦፕንካርት ተቃራኒው ነው። አማራጭ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አድርጎ ጭማሪ መጻፍ ከተፈጥሮው ነው። ክምችትንም በአማራጭ ይቆጥራል፤ ግን አማራጮቹ ሲጣመሩ አይቆጥርም፦ 5 ትልቅና 5 ቀይ ጥለት አለኝ ይላል እንጂ ትልቅ ሆኖ ቀይ የሆነው ስንት እንደሆነ አያውቅም። ለምግብ ቤትና ለስጦታ ዕቃ ይመቻል፤ ለልብስ አልመርጠውም። ፕሬስታሾፕ መካከል ላይ ነው፦ ክምችቱን በጥምረት ይቆጥራል፣ ዋጋውን ግን ከመነሻው በሚጨምር ወይም በሚቀንስ ልዩነት ይይዛል። የጥምረቱ ልዩነት ለብቻው ስለሚሞላ ከላይ ያልነው የ400 ብር ጉድለት አይገጥመውም።

ሾፒፋይ አሠራሩ ንጹህ ነው፤ ለአንድ ዕቃ እስከ 3 የአማራጭ ዓይነት ይፈቅዳል፤ ለረጅም ጊዜ 100 የነበረው የጥምረት ገደብም ከ2,000 በላይ ሆኗል። ነገር ግን ወርሃዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም በኢትዮጵያ አይሠራም። ቻፓ የተባለው የአገር ውስጥ የክፍያ አገልግሎት ለዉኮሜርስ የሚሆን ፕለጊን ስላለው፣ ከደሴ ሆኖ በብር ለሚሸጥ ሰው ዉኮሜርስ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚወጡ ወጣቶች ሱቁን ከባዶ የማሠራት ሐሳብም አለ። ልጆቹ ይችላሉ። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ክፍል አሠሪውም ሠሪውም አብረው ያንብቡት።

ቅርጫቱ ውስጥ የሚሆነው

ቅርጫት ውስጥ አንድ መስመር ማለት ዕቃው ከነምርጫው ነው። ትልቅ ጋቢ ባለ ቀይ ጥለት ያስገባ ሰው ትልቅ ጋቢ ባለ አረንጓዴ ጥለት ቢጨምር መስመሩ ሁለት መሆን አለበት። ያንኑ ቀዩን ደግሞ ቢያስገባ መስመሩ አንድ ሆኖ ብዛቱ 2 ይሁን። በዕቃው ቁጥር ብቻ የሚለይ ቅርጫት ሁለቱን ቀላቅሎ «ጋቢ፣ 2» ይላል፤ አሻጊው የቱን ይላክ?

ከዚህ የሚከብደው ዋጋው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። አንዳንድ በእጅ የተሠሩ ሱቆች ዋጋውን በገጹ ላይ በተደበቀ ሳጥን አስቀምጠው፣ ገዢው «ጨምር» ሲል ከዚያው ይቀበሉታል። ያ ሳጥን ያለው በገዢው ኮምፒውተር ላይ ነው። ትንሽ የሚያውቅ ሰው 5,400 የሚለውን 54 አድርጎ ሊልከው ይችላል፤ ሱቁም በ54 ብር ይሸጥለታል። ከገዢው መምጣት ያለበት የዕቃው ቁጥር፣ የመረጣቸው አማራጮችና ብዛቱ ብቻ ነው። ዋጋውን ሰርቨሩ ከራሱ ዳታቤዝ ያውጣ። ለቴሌብር ወይም ለቻፓ የሚላከው የክፍያ መጠንም በሰርቨሩ የተሰላው ይሁን። ክፍያ ተፈጸመ የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ከክፍያ ድርጅቱ ጋር አመሳክሮ፣ የተከፈለው ከትእዛዙ ድምር ጋር እኩል መሆኑን አይቶ ነው «ተከፍሏል» ማለት። ገዢው ከስልኩ የሚልከው የክፍያ ምስል (ስክሪንሾት) ማረጋገጫ አይደለም።

ዋጋ በመሃል ቢቀየርስ? ይህ ለእኛ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ዋጋውን ቶሎ ቶሎ ማረም ለምዷል። ማክሰኞ ቅርጫቱ ውስጥ ያስገባ ሰው ሐሙስ ሊከፍል ይመጣል። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ባስገባበት ዋጋ ማቆየት ነው፤ ገዢው ይወደዋል፣ ነጋዴው ግን ሊከስር ይችላል። ሌላው ቅርጫቱ በተከፈተ ቁጥር በአዲሱ ዋጋ ማስላት ነው፤ ዉኮሜርስ በተፈጥሮው የሚያደርገው ይህንን ነው። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ፤ ግን በዝምታ መሆን የለበትም። «ይህ ዕቃ ከ3,000 ወደ 3,300 ብር ተቀይሯል» የሚል መስመር ከመክፈሉ በፊት ይታየው። ዋጋው ተደብቆ የጨመረበት ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም፤ መብቱም ነው።

ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ግን ዋጋው መነካት የለበትም። የትእዛዙ መዝገብ የዕቃውን ስም፣ የተመረጠውን ልክና ጥለት፣ የአንዱን ዋጋና ታክሱን በራሱ ገልብጦ ይያዝ። ዕቃው ባለበት እየጠቀሰ ብቻ የሚይዝ መዝገብ፣ ነጋዴው ከ3 ወር በኋላ ዋጋ ሲያርም የድሮውን ደረሰኝም አብሮ ይቀይረዋል።

ሳንቲሙና ታክሱ

በኮድ ለሚሠሩት፦ ገንዘብን በነጥብ ቁጥር አትያዙ። ጃቫስክሪፕት ላይ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። 3,400 ብርን 340,000 ሳንቲም ብላችሁ በሙሉ ቁጥር ያዙት፤ ወደ ብር የሚመለሰው ለዕይታ ሲወጣ ብቻ ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ተመዝጋቢ የሆነ ሱቅ ለገዢው ታክሱን ያካተተ ዋጋ ቢያሳይ እመርጣለሁ፤ 3,400 ብሎ ጠርቶ መጨረሻ ላይ 3,910 ማስከፈል ሰው ያስቀይማል። ከተካተተው ውስጥ ታክሱን ለማውጣት ዋጋውን በ15 አባዝቶ ለ115 ማካፈል ነው፤ 15 በመቶውን ከ3,400 ላይ ማስላት ስህተት ነው። ከ3,400 ብር ውስጥ ታክሱ 443.48 ብር ይሆናል። 3 ጋቢ ሲሆን፣ በየዕቃው አጠጋግተው ከደመሩ 1,330.44፤ ከ10,200 ድምር ላይ በአንዴ ካወጡ 1,330.43 ይመጣል። አንድ ሳንቲም ናት፤ ግን ደረሰኙና የሂሳብ መዝገቡ በተለያየ መንገድ ካጠጋጉ በወሩ መጨረሻ ሂሳብ ሠራተኛዋ ስትፈልጋት ታድራለች። አንዱን መንገድ መርጠው በሁለቱም ቦታ ይጠቀሙ።

ዋጋው ለገዢው እንዴት ይታይ?

ምርጫ ከመደረጉ በፊት ዉኮሜርስ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ3,000 እስከ 5,400 ሲሆን ግን ገዢውን ግራ ያጋባል፤ «ከ3,000 ብር ጀምሮ» የሚለው ይሻላል። ከሁሉ የተሻለው በብዛት የሚሸጠውን ጥምረት አስቀድሞ መርጦ ትክክለኛ ዋጋውን ማሳየት ነው። ያለቀውን ጥምረት አይደብቁት፤ ደብዝዞ «አልቋል» ተብሎ ይታይ፤ የሚፈልግ ሰው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል።

የማድረሻ ቦታን በዕቃው አማራጭ ውስጥ አያስገቡ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል። ይህ የሚሰላው በማድረሻ ክፍያ ነው፤ «ጋቢ፣ ለአዲስ አበባ» የሚል ጥምረት የተጨመረበት ሱቅ 24ቱን ጥምረት 48 አድርጎ ተጨማሪ ሥራ ገዝቷል።

ሱቁ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ከወዳጅ ዘመድ አንዱ በስልኩ ይዘዝ። ትልቁን የእጅ ፈትል ያስገባ፤ ትንሹንም ይጨምር፤ ስም ያስጠልፍበት፤ ቅናሽ ይጠቀም። እርስዎ በዚያው ሰዓት የአንዱን ዋጋ ይቀይሩ። ከዚያ ድምሩን በወረቀት ካሰሉት ጋር ያነጻጽሩ፣ የአንዱን ጥምረት የመጨረሻ ፍሬ ሁለት ሰው በተለያየ ስልክ እንዲገዛው ያድርጉ፣ ሱቁ ለሁለተኛው ሰው ምን እንደሚለው ይዩ።